ካሊፎርኒያ የታወቀ ነው

«ካልጠቀመ ለምን አንተ ትሞላዋለህ?» አለች እናቴ።

አባቴ እስክሪብቶውን ከጣት ወደ ጣት አዛወረ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፖስታዎች ነበሩ። አንዱ የእሱ ነው፤ ታሽጎ ተፈርሞበታል። ሌላው የእሷ ነው። ክዳኑ ገና አልተዘጋም፣ ውስጡ ያለው የድምፅ መስጫ ካርድ ግን ከላይ እስከ ታች በእሱ እጅ ተሞልቷል። በፖስታው ጀርባ፣ ፊርማ ከሚያርፍበት መስመር ዳር፣ በእርሳስ የተጻፈች ትንሽ ኤክስ ነበረች።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ እታገኘሁ» አለ በመጨረሻ። «ካሊፎርኒያ የታወቀ ነው። ገና ያልለየለት ኦሃዮ ብንኖር ኦኬ፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። እዚህ ግን አንቺ መረጥሽም አልመረጥሽም ስቴቱ ለማን እንደሚሄድ ሕፃን ያውቃል። ሶ፣ ሳይን አድርጊውና ነገ ፖስታ ቤት ልጣለው።»

«ብፈርምም ባልፈርምም ያው ከሆነማ ሳይፈረም ይቀመጥ።»

«እንዲያው በከንቱ ይበላሽ?»

«ይበላሽ።»

ጋሼ እንዳሻው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከሁለቱ መካከል ተቀምጠው ነበር። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። የዕለቱ አምልኮ እንዳለቀ አባቴ ራሱ በመኪናው ይዟቸው መጥቶ ነበር፤ ምሳ ይብሉ ብሎ ነው፣ ምሳው ግን ምድጃ ላይ እንዳለ ቀዝቅዟል።

«እኔ እንኳ በደርግ ጊዜ መርጫለሁ» አሉ ነገሩን ለማለዘብ። «ቀበሌ ስደርስ ወረቀቴ ተሞልቶ ጠበቀኝ። ጠረጴዛውን ሳልነካ መርጬ ተመለስኩ። ደህና ሰው ነው የመረጥከው አሉኝ፤ እኔም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁ።»

አባቴ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

«እኔም የመጣሁት ከዚያው አገር ነው፣ ጋሼ። እርስዎን ቀበሌ ሞልቶ ጠበቀዎት፣ እኔን ደግሞ ባሌ ሞልቶ ይጠብቀኝ?»

ጋሼ እንዳሻው ባርኔጣቸውን አንድ ጊዜ ገለበጡት፣ መልሰው አስተካከሉት።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ዓመቱ በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ነው፤ ምርጫው ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ከፌርፋክስ መንገድ ሁለት ብሎክ ገባ ብሎ ባለች ባለ አንድ መኝታ አፓርትማ ውስጥ እንኖር ነበር። እኔ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ የአሜሪካን ካርታ በከለር እቀባለሁ፤ የሚጣሉት ስለ ፕሬዝዳንቱ መስሎኝ ነበር።

አባቴ ዘሪሁን የወረቀት ሰው ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ መንገደኛ ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። እሑድ እሑድ ግን፣ ዝማሬው አብቅቶ ወንበር ሲታጠፍ፣ ቤተክርስቲያናችን በሚከራየው አዳራሽ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ይዘረጋል። ሰው ከመንግሥት የመጣለትን ደብዳቤ፣ የኢንሹራንስ ፎርም፣ የልጅ የትምህርት ቤት ወረቀት ይዞ ይሰለፋል። አባቴ መነጽሩን አድርጎ ያነባል፣ በአጭሩ ያስረዳል፣ ይሞላል። ከዚያ መፈረሚያው ቦታ ላይ በእርሳስ ትንሽ ኤክስ ያደርግና ወረቀቱን አዙሮ ይገፋል። ሰውየው ይፈርማል። አባቴ ከሸሚዝ ኪሱ ላጲስ ያወጣና ኤክሷን አጥፍቶ ፍርፋሪውን እፍ ይላል። ወረቀት ንጹሕ ሆኖ መሄድ አለበት ይል ነበር። ለዚህ ሥራ ከማንም ሳንቲም ተቀብሎ አያውቅም። እናቶች «ዘሪዬ፣ እጅህ ይባረክ» እያሉ ትከሻውን ይስሙት ነበር፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ እኮራ ነበር።

የእናቴንም ወረቀት የሚሞላው እንደዚያው ነው። ግሪን ካርዷን፣ የሥራ ማመልከቻዋን፣ በዚያው ዓመት በሚያዝያ የማለችበትን የዜግነት ወረቀት ሁሉ። እሷ ሳንታ ሞኒካ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች፤ ማታ ደክሟት ስትመጣ ወረቀቱ ኤክሷን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ትፈርማለች።

«ደግሞ ምን አደረግኩሽ?» አለ አባቴ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «የሰው ሁሉ ወረቀት በእጄ ያልፋል። አንድ ሰው አጭበረበርከኝ ብሎኝ ያውቃል? የገዛ ሚስቴ ትጠርጥረኝ?»

«አልጠረጠርኩህም። ባለፈው ዓመት ኤክስህ ላይ ፈረምኩ፤ የናዝሬቱ ቤት ሄደ።»

ጋሼ እንዳሻው መሬት መሬት አዩ።

«እሱን ተነጋግረን ጨርሰናል።»

«ከተሸጠ በኋላ ነዋ የተነጋገርነው።»

«ጣራው ሊወድቅ ነበር፣ እታገኘሁ። ተከራዮቹ አስቸግረው ነበር። ሀይለገብርኤል ከእንግዲህ አልችልም ሲለኝ ምን ላድርግ? ለአንቺ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ከሆነ እኔን መጠየቅ ነበራ። የእናቴ ቤት ነው። የተወለድኩበት ነው። የፈረምኩት ከታክስ ወረቀት ሥር ተደርቦ ስለመጣ ነው፤ ኤክስ አየሁ፣ ፈረምኩ።»

ናዝሬት ለእኔ የኢየሱስ ከተማ ነበረች። ስለዚህ ጠቡ ከምርጫ ወደ መጽሐፍ ቅዱስ የዞረ መሰለኝና ካርታዬን መቀባት ቀጠልኩ። ውክልና የሚሉትን ወረቀት፣ አጎቴ ሀይለገብርኤል በዚያ ውክልና አዳማ ውስጥ የሸጠውን ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ ግቢው ውስጥ የነበረውን የሴት አያቴን የሎሚ ዛፍ ያወቅኩት አድጌ ነው። አባቴ ቤቱን የሸጠው ለክፋት እንዳልነበረም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከልቡ ሸክም ያቀለለላት መስሎት ነበር። መጠየቅ የሚባል ነገር ግን በሐሳቡ አልመጣም። ወረቀት ነዋ፤ ወረቀት ደግሞ የእሱ ሥራ ነው።

«እሺ» አለ አባቴ። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የምርጫው ቀን ራሴ ሄጄ እመርጣለሁ። ይኼን የሞላኸውን እመልስላቸውና ባዶ ይሰጡኛል። ሥራ ቦታ ፀዳለ ጠይቃልኛለች፣ ይቻላል።»

«ከሥራ መጥተሽ፣ በዚያ ሁሉ ትራፊክ፣ ተሰልፈሽ? ለተለየ ነገር? ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኮ በቴሌቪዥን... ምን ሁለት ተኩል፣ የምርጫው በር እንደተዘጋ ነው ካሊፎርኒያን የሚያውጁት። ቆጥረው እንኳ አይደለም።»

«ይታያል» አለች እናቴ፣ ፖስታውንም አንስታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ጋሼ እንዳሻው ተነሡ። «እንጸልይ» አሉ። ጸለዩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ ስለ ምርጫም ስለ ቤትም ምንም አልተነገረበትም።

*

«ይታያል» የምትለው ቃል አስፈራችኝ።

ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት አስተማሪያችን ምርጫ አስተምራን ነበር። ክፍላችን አንድ ስቴት ነው አለችን። ዓርብ ዕለት ፒዛ ወይም ታኮ እንበላለን፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሁሉንም ይወስዳል፣ ታኮ የፈለገም ፒዛ ይበላል። ሃያ አምስት ልጆች ነን። ተቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ሆነ፤ እኔ እጄን ሳላወጣ ቀርቻለሁ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። «ኤልያና?» አለች አስተማሪዋ። ፒዛ አልኩ። ታኮ ፈልጎ የነበረ አንድ ልጅ ዓርብ ዕለት አይቡን ከፒዛው ላይ እየላጠ እያየኝ በላ።

ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ በአንድ ሰው እጅ እንደምትገለበጥ የሚያስረዳኝ አላስፈለገኝም፤ አይቼዋለሁ። ካርታዬ ላይ አምሳ አምስት የሚል የድምፅ ቁጥር የተጻፈባት ትልቋ ስቴት ናት፤ ሁሉም ለአንድ ሰው ይሰጣል። እኛ ሰፈር ደግሞ ሁሉም የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር። የአምሃ ምግብ ቤት መስኮት ላይ ፎቶው ተለጥፏል። ሽማግሌዎቹ «የጎረቤታችን የኬንያው ልጅ» ይሉታል፣ የአጎታቸው ልጅ ይመስል። አባቴ ለእሱ መርጧል። እናቴ የአባቴን ካርድ አልፈልግም ብላለች። ስለዚህ እናቴ ለሌላኛው ልትመርጥ ነው። እኔ የደረስኩበት ይኼ ነው።

ዘጠኙን ቀን ሙሉ ተከታተልኳት። የካሊፎርኒያ መንግሥት ለእያንዳንዱ መራጭ የሚልከውን ወፍራም መጽሔት ከቦርሳዋ አትለይም ነበር። በአውቶቡስ ውስጥ ታነበዋለች፣ እንጀራ እየሞቀ ታነበዋለች፣ ያልገባትን ቃል ስልኳ ላይ ትፈልጋለች። ከፕሬዝዳንቱ ሌላ አሥራ አንድ ጥያቄ ለሕዝብ ቀርቦ ነበር፤ ግብር ይጨመር ወይ፣ የሞት ፍርድ ይቅር ወይ፣ ሌላም ሌላም። አባቴ አንድ ማታ አጠገቧ ቆሞ አየና «የአንዱን ሦስት መስመር ጠይቂኝ፣ በሁለት ደቂቃ እነግርሻለሁ» አላት። በቅንነት ነው የተናገረው።

«ሁለት ደቂቃ አይበቃኝም» አለችው።

የምርጫው ዕለት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ገላዋን ስትታጠብ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ፖስታው መጽሔቱ ውስጥ ነበር፣ ገጽ ማስታወሻ ሆኖ። አወጣሁት። መጽሔቱን እንደነበረ መልሼ፣ ፖስታውን በካርታ ደብተሬ መሃል አድርጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍላችን በር አጠገብ ያረጀ ወረቀት የሚጣልበት ሰማያዊ ሳጥን አለ። ልጆቹ ለእረፍት ሲወጡ ከብዙ ሥዕል ሥር ከተትኩት። የሌባ ስሜት አልተሰማኝም። ካሊፎርኒያን ያዳንኩ መስሎኝ ነበር።

*

እናቴ በዚያ ምሽት ቤት የደረሰችው የምርጫው በር ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። አብራት የምትሠራው ፀዳለ በመኪናዋ አመጣቻት። ፀዳለ ሎንግ ቢች ትኖራለች፤ ጠዋት ከሥራ በፊት እዚያው መርጣ፣ የመረጡ ሰዎች የሚሰጣቸውን ክብ ተለጣፊ ዩኒፎርሟ ላይ ለጥፋ ውላለች። አባቴ ቴሌቪዥን ሊያይ አምሃ ጋ ሄዶ ነበር፤ እኔን ለላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ትቶኝ። እናቴ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር እጄን ያዘችና ሮጥን፤ ፀዳለም መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ ተከተለችን።

ምርጫው ከቤታችን ሦስት ብሎክ ርቆ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ አጥሩን ተከትሎ ታጥፏል። መጨረሻ ላይ ቆምን። ትንሽ ቆይቶ ባጅ ያንጠለጠለ ወጣት ከውስጥ ወጣና ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሆኗል፣ ከእነዚህ ሰዎች በኋላ ማንም አይሰለፍም አለ። የመጨረሻዎቹ እኛ ነበርን።

ወዲያው ከፊታችን የቆመ ጎልማሳ ስልኩን አየና ሳቀ። «ካሊፎርኒያ ታወጀ» አለ በእንግሊዝኛ። ሰው እየተዟዟረ ተያየ። አንድ ባልና ሚስት ትከሻቸውን ሰብቀው ከሰልፉ ወጡ።

እኔ እናቴን አየኋት። ሳትመርጥ ካርታው ተቀብቷል። የምታለቅስ መሰለኝ። እሷ ግን ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ቀረበችና «እሰይ፣ ሰልፉ አጠረ» አለች።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከፌርፋክስ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሦስት፣ ከዚያ ሊቆጠር አልቻለም። እልልታም ነበረበት። ከፊታችን ስልኮች አንድ በአንድ በሩ። ፕሬዝዳንቱ አሸነፈ፤ በቃ፣ አገሩ በሙሉ ተጠናቀቀ። ሰዎች ተቃቀፉ። አሁን ብዙዎች ሰልፉን ጥለው ወደ ጥሩምባው ሄዱ፤ የቀረነው አሥር አንሞላም።

«ሴትዮ» አለች ፀዳለ፣ «ሰውዬው የምስጋና ንግግር ሊያደርግ ክራቫቱን እያሰረ ነው፤ አንቺ ገና ልትመርጪው ትሰለፊያለሽ።»

«ማን እሱን እመርጣለሁ አለሽ?»

ጆሮዬ ቆመ።

«ኧረ ባክሽ።»

«ምስጢር ነው። ለባሌ ያልነገርኩትን ላንቺ ልነግር ነው?» እናቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ሂጂ አንቺ፣ መኪናሽን ቲኬት ሳይለጥፉበት።»

«እዚህ ድረስ ድራይቭ አድርጌ መጥቼማ ሳላይሽ አልሄድም። እግሬ ቢቆረጥም እቆማለሁ።»

አዳራሹ ውስጥ የወለል ሰም ይሸታል። የቅርጫት ኳስ መረቡ ከላያችን ተንጠልጥሏል። ከጠረጴዛው ጀርባ ፀጉሯ ነጭ የሆነ፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያሰረች ሴትዮ ተቀምጣለች። የእናቴን ስም ትልቁ መዝገብ ላይ አገኘችው። በፖስታ የምትመርጥ ተብላ ተመዝግባለች፤ ስለዚህ የተላከላትን ካርድ መመለስ አለባት። እናቴ «አውቃለሁ» ብላ መጽሔቱን አወጣች።

ገለጠችው። ይዛ አራገፈችው። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች፤ ቁልፍ፣ የአውቶቡስ ካርድ፣ የእጅ ቅባት፣ ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ። እኔ የቅርጫት ኳሱን መረብ አያለሁ።

«ወሰደው» አለች ለፀዳለ በአማርኛ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ማ?»

እናቴ ዕቃዋን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። ማንን እንዳለች ገብቶኛል። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። አልከፈትኩም።

ሴትዮዋ ችግር የለም አለች። ካርዱ ከሌለ በሮዝ ፖስታ መምረጥ ይቻላል፤ ሁለት ጊዜ አለመምረጧ ከተጣራ በኋላ ይቆጠራል። «ከሁሉ በኋላ ነው የሚቆጠረው፣ ሳምንታት ይፈጃል» አለችና ይቅርታ እንደመጠየቅ ፈገግ አለች። «ውጤቱም እንግዲህ ታውቋል።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ። «ስጪኝ።»

ሮዙ ፖስታ ላይ ስምና አድራሻ ይሞላል፣ ይፈረማል። ሴትዮዋ ደግ ሰው ነበረች። እናቴ እንዳትቸገር ብላ ፖስታውን አዞረችና፣ በእስክሪብቶዋ መፈረሚያው መስመር ዳር ኤክስ አደረገች። «እዚህ ጋ» አለች።

እናቴ እስክሪብቶውን አልተቀበለችም።

«ሌላ ፖስታ ስጪኝ፣ ፕሊስ።»

«ምነው፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም። ያልተነካ ስጪኝ።»

ሴትዮዋ ፀዳለን አየች፣ ፀዳለ እኔን አየች። ከኋላችን ባጅ ያደረገው ወጣት ሰዓቱን ተመለከተ። አፍሬ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ያሸነፈ ሰው ለመምረጥ፣ ሁሉ ሰው ሄዶ ባለቀበት አዳራሽ፣ ስለ አንዲት ምልክት ፖስታ አስቀይራ ሰው የምታስጠብቅ እናት ለምን ሰጠኸኝ እያልኩ እግዚአብሔርን እወቅስ ነበር። ዛሬ በዚያች ሴት ፊት ቆሜ የማየው ሌላ ነው፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስስላት የእናቴ መዳፍ ባዶ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

አዲስ ፖስታ ተሰጣት። ስሟን በትልልቅ ፊደል ጻፈች፤ አድራሻውን ስትጽፍ አንድ ቁጥር ተሳስታ ሰርዛ አስተካከለች። መፈረሚያውን ፈልጋ አገኘችው። ፈረመች።

ወደ ተከለለው መምረጫ አብሬያት ገባሁ። ካርዱ ላይ ስም የለም፣ ቁጥርና ትናንሽ ክብ ብቻ ነው፤ በቀለም ነጥብ የሚያሳርፍ ብዕር በገመድ ታስሯል። መጽሔቱን አጠገቧ ገልጣ እያንዳንዱን እያነበበች ነጥብ ታሳርፋለች። ወጣቱ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። አልፈጠነችም።

የመረጠችው አባቴ የመረጠውን ሰው ነበር። ይኼን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከአሥራ አንዱ ጥያቄ ከአባቴ የተለየችው በአንዱ ብቻ ነው፤ የሞት ፍርድ ይቅር ብላ ነው የመረጠችው። እሱ ደግሞ በእሷ ካርድ ላይ ጭምር አይቅር ብሎ ሞልቶ ነበር። አልቀረም፤ እሷ የተሸናፊው ወገን ሆነች። «ቢሆንም ያቺ ነጥብ የእኔ ናት» አለችኝ።

*

አምሃ ምግብ ቤት ውስጥ መቆሚያ አልነበረም። ጠረጴዛዎቹ ተገፍተዋል፤ ሰው ሁሉ ጥግ ላይ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን ዞሮ ቆሟል። ሴቶች እልል ይላሉ። አምሃ ራሱ ሽርጡን አናቱ ላይ ጠምጥሞ ለስላሳ በነጻ ያድላል። ፀዳለ መኪናዋን ውጭ ሞተሩን ሳታጠፋ አቁማ እዚያው ቀረች። ሻንጣችን መኪናዋ ውስጥ እንደነበረ ያን ጊዜ አላውቅም። እናቴ እሑድ ማታ አዘጋጅታ ሰኞ ለፀዳለ ሰጥታት ነበር። ልትሄድ ቆርጣ አልነበረም፤ ከሄደች ግን ባዶ እጇን ላለመሄድ ነው።

አባቴ መሃል ላይ ነበር። ሲያየኝ ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ጋሼ እንዳሻው ከሥር እጄን ይዘው ያወዛውዙኛል።

እናቴ ሰው እየገፋች አጠገቡ ደረሰች።

«መረጥኩ» አለችው።

«ኧ?»

«መረጥኩ አልኩህ።»

«ጎበዝ፣ ጎበዝ!» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ። «ካሊፎርኒያማ በሩ እንደተዘጋ ታወጀ፤ አላልኩሽም? በሴኮንድ!»

«ፖስታዬን የት አደረግከው?»

እዚህ ላይ በሐሳቤ ብዙ ጊዜ ቆሜያለሁ። አባቴ ትከሻ ላይ ነኝ፣ እጆቼ ግንባሩ ላይ ናቸው፣ ቆዳው ሲሞቅ ይሰማኛል። ፖስታውን አልወሰደም። የትኛው ፖስታ ማለት ይችላል። አላየሁም ማለት ይችላል። ዞር ብሎ ፊቷን ማየት ይችላል። እኔም መናገር እችላለሁ።

«አሁን ምን ያደርግልሻል?» አለ እየሳቀ። «አሸንፈናል እኮ።»

እናቴ አንድ አፍታ አየችው። ከዚያ እጆቿን ወደ እኔ ዘረጋች፣ እሱም ሳያይ ዝቅ አደረገኝ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው የነገርኳት። ሎንግ ቢች፣ ከፀዳለ ቤት ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ በተከራየነው ቤት፣ አልጋ ላይ ልብስ እያጠፍን ነበር። ፖስታውን እኔ ነኝ የወሰድኩት አልኳት፤ አባቴ አይደለም፣ በእኔ ምክንያት ነው ትተሽው የሄድሽው። ለዚህ ቀን ብዙ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ታለቅሳለች ብዬ ወይም ትጮህብኛለች ብዬ። እሷ የያዘችውን አንሶላ ጫፍ ሰጠችኝና ወደ ኋላ ሄዳ ወጠረችው።

«ፖስታውን አንቺ ወሰድሽው» አለች። «መልሱን ግን የሰጠኝ እሱ ነው።»

አንሶላውን አጠፍነው።

ያን ምሽት ከአባቴ ትከሻ ስወርድ እግሬ የረገጠው የፈሰሰ ለስላሳ ላይ ነበር፤ ጫማዬ ወለሉ ላይ ይጣበቃል። ፕሬዝዳንቱ ገና መድረክ ላይ አልወጣም፤ ሰዉ ይጠብቃል። አምሃ ድምፁን ጨመረው። ጋሼ እንዳሻው ለማየት ወንበር ላይ ሊወጡ ሲሞክሩ ሁለት ወጣቶች ይደግፏቸዋል፣ ሁሉም ይስቃል። እናቴ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አገጬ ዘጋችው። ውጭ እኮ ብርድ አልነበረም።

«ነይ» አለችኝ።

በሰዉ መሃል ወደ በሩ ሄድን። በሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁን አጣጥፎ መግቢያውን ሞልቶ ቆሟል። እናቴ «ይቅርታ» አለችው። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ ትከሻውን ሰበሰበና አሳለፈን።